ስለ ልጅ የተጾመ ጾም

የኔዓለም ክብደቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቆርጣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የተመለሰችው በጥቅምት ነው። እስከዚያ ድረስ መቶ ሃያ ኪሎ ተሸክማ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት፣ ስኳሩም ዓይኗን እያደበዘዘባት፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ለመቀመጥ እንኳ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን የምትሰበስብ ሴት ነበረች። ጥምቀት ሲደርስ ሠላሳ ኪሎ ያህል ቀንሳ የገዛ ቀሚሶቿን እያጠበበች ትስቅ ጀመር።

በጥር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጓሮ ራሷን ስትታጠብ ፀጉሯ ከነአረፋው እጇ ላይ ቀረ። ሳሙናው መስሏት ነበር። በማግስቱ ትራሷ ላይ፣ በሳምንቱ ደግሞ በምትሰፋው ነጠላ ላይ አገኘችው። ወገቧ ድረስ ይወርድ የነበረው ፀጉር ሳስቶ በግንባሯ በኩል ቆዳዋ ሲታይ ሻሽ አጥብቃ ማሰር ያዘች።

ከስታ ፀጉሯ የረገፈ ሴት ምን እንደያዛት ለማወቅ የሰፈሩ ሰው ሐኪም አይጠይቅም። ፊት ለፊት ግን “ኤድስ ነው” ያላት የለም። ብቻ የዓመታት ደንበኛዋ መሲ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ የኔዓለም ስፒሉን በከንፈሯ ይዛ ስትጠጋት ወደ ኋላ አፈገፈገች።

“ተይው እንዲሁ ገምቺው።”

“ሳይለካ እንዴት ይሆናል?”

“እንዳትወጊኝ ብዬ ነው” አለች መሲ። ያመለጣት ነገር ራሷን አሳፈራትና ጨርቋን አጣጥፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የሚመጣላት ሥራ ከመጋረጃና ከአንሶላ አላለፈም።

ሐኪሟ ዘንድ ስትደውል “ያጋጥማል” አላት። “ሰውነትሽ ባንዴ ከስቶ ምግብ አንሶት ነው። ሥሩ አልሞተም፣ ይመለሳል። ግን የምትበይው ጥቂት ስለሆነ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ይሁን።”

ይህን ሲላት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የነፍስ አባቷ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጉዳዩን ሰምተው አላንገራገሩም። “በሽተኛ ነሽ፣ ልጄ። እንደ መድኃኒት ውሰጂው። ሰው እንዳይሰናከል ግን በቤትሽ ይሁን” አሏት።

በቤቷ እናቷ አሉ። እማሆይ ወለተ ኪዳን ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፍተው፣ ከሉማሜ መጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የሰባ ሁለት ዓመት መነኩሴ ናቸው። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት የእንቁላሉን ቅርፊት አመድ ውስጥ አዩት።

“ቄሱ ፈቅደውልኛል፣ እማሆይ” አለች የኔዓለም ቀድማ።

“ከፈቀዱ ብዪ” አሉ ሳይቆጡ። “የጎደለውን እኔ እጾምልሻለሁ።”

የኔዓለም ነገሩን እንደ ምርቃት ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሷ እንቁላል የበላች ዕለት እማሆይ እህል አይቀምሱም፤ በማግስቱ ሲመሽ ጥቂት ንፍሮ ይቀምሱና ውኃ ይጠጣሉ። ስግደታቸው በዛ። የደም ግፊት ክኒናቸውንም ጾም ያስገድፋል ብለው ተዉት። አንድ ጠዋት ሲሰግዱ ከመሬት መነሣት አቃታቸው። የኔዓለም ደግፋ ስታነሣቸው ክንዳቸው በእጇ መዳፍ ውስጥ የሕፃን ክንድ ሆነባት።

“እማሆይ፣ እየሞቱ እኮ ነው!”

“አንቺስ? ጠዋት ጠዋት ከወለሉ የምትጠርጊውን ፀጉር የማላይ መስሎሻል? ሰው የሚልሽንም ሰምቻለሁ። ሌላ የማደርግልሽ የለኝም፣ ልጄ።”

የኔዓለም በዚያው ቀን እንቁላሉን ተወች። “ይኸው ትቻለሁ፣ ይብሉ” ብላ ለመነች። እማሆይ ግን ተደብቃ የምትበላ መሰላቸው። ቄስ ኃይለ ሚካኤል መጥተው ቢገሥጿቸው “እሺ፣ አባቴ” ብለው አንድ ጉርሻ ጎረሱ፤ ቄሱ ሲወጡ ወደ ጾማቸው ተመለሱ። እናትና ልጅ አንዷ ሌላዋን ለማዳን ብለው በአንድ ጣራ ሥር ተራቡ። የኔዓለም ማበጠሪያ መንካት አቆመች።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የእማሆይ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸውና ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። በሕማማት ፍትሐት የለምና፣ በሳምንቱ ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና በተጸለየው ጸሎት ተቀበሩ።

ለቅሶው ላይ “ለመነኩሴ ፀጉር አይነጭም” ቢሏት የኔዓለም አልሰማችም። ሻሿን አውልቃ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ስትጎትት ፀጉሩ እንደ ተነቀለ ሣር እሺ ብሎ መጣላት። ጭብጧን ሞልታ ቆመች።

“ላጩኝ” አለች።

ለሐዘን መላጨት የነበረ ነው፤ ነገር ግን ምላጭ የሚያነሣ ጠፋ። ደም እንዳይነካቸው ፈርተው እርስ በርስ ተያዩ። ከሉማሜ ለቀብር የመጣችው አክስቷ ይመኙሻል ከጥግ ተነሥታ ጆሮዋ ሥር አጎነበሰች።

“እውነቱን ንገሪኝ። በሽታው ነው?”

“አይደለም፣ አክስቴ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ተመርምሬያለሁ።”

“ቢሆንም እላጭሻለሁ። ቁጭ በዪ።”

ምላጩ ከጆሮዋ ኋላ ሲጭራት ይመኙሻል ደሙን በገዛ ነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሴቶቹ ሁሉ አዩ። አንዳቸውም አልቀረቡም።

ፀጉሯ ሐኪሙ እንዳለው ተመለሰ። በመስከረም ጣት የሚይዘው ያህል ሆነ። ደንበኞቿም አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። “መድኃኒቱ ተስማማት” እንደሚሉ ታውቃለች፤ አታስተባብልም። እናቷ በምን እንደ ሞቱ ለሚጠይቃት ግን “ደም ግፊት ነው” ትላለች፤ ይህም ውሸት አልነበረም።