ለሰፈር የሚበቃ መብራት

በአዳማ ከተማ፣ በአንድ ትራንስፎርመር በሚገለገል ሰፈር ውስጥ፣ ውድነሽ የምትባል አዋላጅ ነርስ ከባሏ ከስንሻው ጋር ትኖር ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ከገዙ ወዲህ ለነዳጅ መሰለፍ ቀርቶላት ነበር፤ ነገር ግን አመሻሽ ላይ መኪናውን በሰኩ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደክም ጀመር። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጎረቤታቸው ጉደታ በራቸውን አንኳኳ።

«እህቴ፣ የእናቴ የኦክስጅን መሣሪያ ቀጥ አለ። እጄ ላይ ልታልፍ ነው» አላት።

ውድነሽ ሮጣ መኪናውን ነቀለች፤ አብራውም ሄዳ እናቱ እማማ ደስቱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አጠገባቸው ቆየች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ስንሻው ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ጉልበት ያለው ሌላ ቻርጀር ከካርቶኑ ሲያወጣ አገኘችው።

«ይሄኛው ከገባ ወዲያው ጢም ያደርገዋል።»

«ጎረቤቱስ?»

«እነሱም ሲገዙ ያኔ ይታያል።»

ውድነሽ ሕይወት ለማዳን የምትሮጥበት መኪና ሕይወት ሊያጠፋ መድረሱን እያሰበች ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ በዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

እነሆ፣ ያሳደገቻት ሟች አክስቷ እትዬ አስካለ እጇን ይዛ በገዛ ሰፈሯ ታስኬዳት ጀመር። መንገዱ ያው የአዳማ መንገድ፣ ነፋሱም ያው ነፋስ ነው፤ ግን የጄኔሬተር ጩኸት የለም፣ ጭስም የለም። በየደጁ፣ በኒም ዛፎች ጥላ ሥር፣ መኪና ቆሟል፤ በየመስኮቱ የሚታየው ብርሃንም ሳይርገበገብ ከዳር እስከ ዳር ሰፈሩን ሞልቶታል።

«እትዬ፣ ይህ ሁሉ መኪና ተሰክቶ መብራቱ እንዴት አልደከመም?»

«ተራቸውን እየጠበቁ እኮ ነው፣ ልጄ። ሰው እራቱን በልቶ ሲተኛ ቻርጀሩ በራሱ ይጀምራል፤ ሰዓቱን አስቀድመው ሞልተውለታል።»

«አይዘገይባቸውም?»

«አንቺስ በቀን ምን ያህል ትነጂያለሽ? ከቤትሽ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ቤትሽ። ለዚያ ዝግ ያለውም እስኪነጋ ይበቃል። እዚህ ሰው ቻርጀር ሲመርጥ የትኛው ይፈጥናል ብሎ አይጀምርም፤ ቆጣሪዬና የሰፈሬ መስመር ምን ያህል ይችላል ብሎ ነው የሚጠይቀው።»

አንዱን ግቢ አስገብታ ግድግዳው ላይ ያለውን አነስተኛ ቻርጀር አሳየቻት። የራሱ ብሬከር አለው፤ የመሬት ሽቦውም በሚገባ ተቀብሯል፤ ከመስመሩ የሚስበው አምፔር ዝቅ ተደርጓል።

«ድንገት ምጥ የያዛት ሴት ብትጠራኝስ?»

«ያውልሽ፣ የአዋላጇ መኪና ከሁሉ ቀድሞ እንዲሞላ ሰፈሩ ተስማምቷል።»

እማማ ደስቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ያለ ምንም መሣሪያ በረጅሙ እየተነፈሱ፣ እጃቸውን ለምርቃት አነሡ። ውድነሽ ልትጠጋቸው ስትል ነቃች።

ስንሻው አሁንም ካርቶኑ አጠገብ ነበር። እሷ መኪናውን በፊተኛው ቻርጀር መልሳ ሰካች፤ ስልኳን አንሥታ የቻርጀሩን መተግበሪያ ከፈተች፤ አምፔሩን ዝቅ አደረገች፤ የሚጀምርበትንም ሰዓት ሰው ሁሉ ወደሚተኛበት ገፋችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠዋት ካልሞላ የፈለግከውን ትገጥማለህ» አለችው።

ጠዋት መኪናው ሞልቶ ተገኘ። ስንሻው የባትሪውን ምልክት ደጋግሞ አየና አዲሱን ቻርጀር ወደ ካርቶኑ መለሰው።

ውድነሽ ያየችውን በየቤቱ እየዞረች ልትናገር ቆርጣ ወጣች። መጀመሪያ የጉደታን በር አንኳኳች። ፊቱ እንደተኮሳተረ ከፈተላት።

«ጉደታ፣ ከዛሬ ጀምሮ እናትህ ነቅተው ሳሉ መኪናዬ አይሞላም፤ ሲተኙም በዝግታ ስለሚሞላ መሣሪያቸውን አይነካም። የመጣሁት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ስለ ሰፈራችን አንድ ሕልም አይቼ ነው።»

ጉደታ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«እንግዲያው ግቢ፤ እናቴም ትስማው።»