ግራዝማች ስንት ዓይን ይኑራቸው?

፩

«ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?»

ይህን ያሉት የካቴድራሉ አስተዳዳሪ መልአከ ገነት ዘውዱ ናቸው። ሰውዬው ግድግዳ ላይ ነው። ምንም አላደረገም። ሞቷል፤ አሁን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተንበርክኳል።

፪

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ስቸኩል ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው ዘው የምለው።

ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ባላቸው ግራዝማች ወንድይራድ በሞቱ በሁለተኛው ወር፣ ምራታቸው ቤት አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ሲያገላብጡ ሥዕል አዩ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ለሞቱባቸው ሰዎች ካቴድራል ውስጥ የመታሰቢያ ጸሎት ቤት ያሠሩ ነበር አለቻቸው ምራታቸው።

«እኔስ ከማን አንሼ!»

በሳምንቱ ማመልከቻ አስገቡ። ካቴድራሉም በሰሜን በኩል ያለችውን፣ የአሮጌ ምንጣፍ ማከማቻ የነበረችውን ክፍል ሰጣቸው።

፫

ለክፍሏ የተደረገላት፦

ምንጣፉ ወጣ።
የተሰበረው ወንበር ወጣ።
አይጦቹ በግድ ወጡ።
ግድግዳው ኖራ ተቀባ።
ሰዓሊ ተጠራ።

፬

ሰዓሊው ባያብል ነው። ጣጣው በሙሉ ከሱ ስለመጣ ጠጋ ብለን እንየው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአባቱ ተማረ፤ ከዚያ ከተማ ገብቶ ለዓመታት የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ሣለ። የሰው መልክ ይዋጣለታል። እንደሚዋጣለት ደግሞ ያውቃል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ወይዘሮ የሺእመቤት አንዲት ፎቶ ሰጡት። ግራዝማች በዕድሜያቸው የተነሱት ያቺን ብቻ ነው። በጎን በኩል።

«እንደ ፎቶው» አሉት። «አንዲት ነገር ብትጨምርበት ውርድ ከራሴ!»

ሣለ። ቁርጥ እሳቸውን።

፭

ለማያውቅ አንባቢ

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ አንተ ያዞራል፤ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ነው፦ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች። ባያብል ይህን ገና በልጅነቱ ያውቀዋል። ፎቶዋን ለመምሰል ሲጣደፍ ረሳው።

አሁን ወደ ፩ ተመለስና አስተዳዳሪው ለምን እንደደነገጡ እይ።

፮

ቃል በቃል

መልአከ ገነት፦ አንድ ዓይን!

ባያብል፦ ፎቶው እንዲያ ነው፣ አባታችን።

መልአከ ገነት፦ ምእመናን ፎቶውን የት አይተውት? ይሁዳ መስሏቸው ቢተፉባቸውስ?

ባያብል፦ (ፎቶዋን ከኪሱ አውጥቶ ያያል።)

መልአከ ገነት፦ እሑድ ሙት ዓመታቸው ነው። ሁለት ዓይን ካላየሁ ክፍሏን አልባርክም። አለቀ።

፯

ባያብል በሁለት ቀን የሥዕሉን ፊት ወደ ሕዝብ አዞረው። ጎላ ጎላ ያሉ ሁለት ዓይኖች።

«እሰይ! አሁን ሰው ሆኑ» አሉ አስተዳዳሪው።

ወይዘሮ የሺእመቤት መጡ። አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ማነው ይሄ?»

«ግራዝማች ናቸው፣ እትዬ።»

«አይደለም። ስማ ልጄ። የዚያን ቀን ፎቶ ቤት አብሬው ነበርኩ። በሩ ጋ ቆሜ ሳቄ አልቆም አለኝ። ፎቶ አንሺው ‹ወደዚህ! ወደዚህ!› እያለ ይጮኻል፤ እሱ እቴ! እኔን ነው የሚያየው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እወድሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ያለኝ ምስክር ያ ፎቶ ነው። አሁን አገር ላይ ያፍጥጥ?»

አለቀሱ። ባያብል ምነው እጄን በቆረጠው አለ።

፰

ሙከራ

ፊቱን ለሕዝብ ትቶ ብሌኑን ብቻ ወደ ክፍሏ በር አዞረው። ግራዝማች የጎረቤታቸውን ሳህን በስርቆት የሚያዩ መሰሉ።

«አንገቱን ነው ያዞረልኝ» አሉ እትዬ። «ዓይኑን ብቻማ ለስንቷ ያዞር ነበር!»

፱

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ክፍሏ ውስጥ ናቸው። መልአከ ገነት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺማ ታውቂዋለሽ። አንቺ ስታልፊ ‹ይሄ ክፉ ሰው ማነው?› ሲባል የልጅ ልጆችሽ ምን ይበሉ?»

«እሱንስ አስቤዋለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲህ ምረጪ። ሁለት ዓይን ከሆነ ነገ እባርካለሁ፤ ሕዝብ እየገባ ነፍስ ይማር ይላቸዋል። አንድ ዓይን ከሆነ በሩ ይቆለፋል፤ ሰው አይገባም።» ትንሽ አሰቡ። «ቁልፉን ላንቺ እሰጥሻለሁ።»

፲

ወይዘሮ የሺእመቤት ፎቶዋን ከባያብል ተቀብለው አዩዋት።

፲፩

ውጭ ለነገው እንግዳ ድንኳን ይተከላል። ባያብል ብሩሹን ቀለም ነክሮ መሰላሉ ላይ ወጣ። የዚህን ያህል የፈራው ሥራ የለም።

«እትዬ፣ ስንት ዓይን?»

ወይዘሮ የሺእመቤት ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ ሆነው ግድግዳውን ብዙ አዩት።

«ባያብል፣ ልጄ» አሉ፤

፲፪

መልሳቸውን አንተ ሙላው

«                              »