የጉብታው ሙታን

የጣሊያን ቅጥር ወታደር የሆነው አስካሪ ካስማውን በመዶሻ ሲመታ ደምለው ዓይኑን ጨፈነ። ካስማው የተተከለው ልክ በእሱ የማሽላ ጉድጓድ አፍ ላይ ነበር። ትንሽ ጠለቅ ቢል ገለባውን በስቶ እህል ላይ ያርፍ ነበር።

መተማ ዙሪያውን ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የማይተኛበት መሬት ይህ ጉብታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ማሽላውን እዚህ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በገለባ ጠቅልሎ፣ አፈር አልብሶ ያኖረዋል። የደጅ ጎተራውንማ ባለፈው መኸር አስካሪዎች ለሠራዊቱ ቀለብ እያሉ ጠርገውታል። ከዚያ ወዲህ እህሉን ከመሬት በላይ የሚያስቀምጥ ሞኝ አልነበረም። ጣሊያንም ጉብታውን የወደደው በዚያው በደረቅነቱ ነው። ከጎንደር ለሚመጡ አስካሪዎችና ጸሐፊዎች የቆርቆሮ ቤት ሊደረድርበት አስቧል። መሠረት ሲቆፈር ምን እንደሚወጣ ከጣሊያን በቀር ሁሉም ያውቃል።

የጣሊያኑ ሹም ደግ ነኝ ከሚሉት ወገን ነበር። ሰዉን ግራር ጥላ ሥር ሰብስቦ በአስተርጓሚው አፍ፣ "እናንተ የዚህ አዲስ ሰፈር ጎረቤቶች ናችሁ። ሥጋት ያለው ይናገር፤ መንግሥታችን ይሰማል" አለ።

በገበያው ጨውና ሻይ ቅጠል የምትቸረችረው ባሏ የሞተባት ዘሊካ ቀድማ ተነሳች። የእሷ ጉድጓድ ከደምለው ጉድጓድ አጠገብ ነው።

"ጌታዬ፣ እባብ አለበት። ወላሂ፣ ይሄን ክንዴን ያህላል!"

"እባቡን እንገድልላችኋለን" አለ ሹሙ።

ቄስ ገብረማርያም ሳይቀሩ፣ ሲያወግዙት የኖሩትን ዛር ጠርተው "የዛር ማደሪያ ነው" አሉ። ሹሙ ሳቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ይዞር ጀመር። ደምለው ሹሙ መሰላቸቱን አየና ብድግ አለ። አንደበተ ርቱዕ ነው ይባላል፤ ያ ስም ነው ጉድ የሠራው።

"ጌታዬ፣ መቃብር ነው። በደርቡሽ ጊዜ የወደቁት፣ የኛም የነሱም፣ አንድ ላይ ተኝተውበታል። የአባቶቻችንን አጥንት አውጥታችሁ ቤት ብትሠሩበት እኛም ሰላም አናድር፣ እናንተም አታድሩ።"

ወዲያው ከየአቅጣጫው "እውነት ነው!" "አባቴም እዚያ ነው!" የሚል ጫጫታ ተነሳ። አንዲት አሮጊት አልቅሳ ተቀመጠች። ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ።

"ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?" አለ፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፣ ያፈረ ይመስል ነበር።

ካስማዎቹ በዚያው ቀን ተነቀሉ። ዘሊካ ለደምለው ቤት ስኳር ላከች፤ ቄሱም መንገድ ላይ አስቁመው መረቁት። ያልተደሰተችው እናቱ አገኘሽ ብቻ ነበረች።

"አባትህ ያለው ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ነው" አለችው። "እኔም ስሞት ኸሱ ጎን ነኝ። ምነው ሙታንን ለውሸት ታቆማቸዋለህ?"

"እማ፣ እህሉን አትርፌያለሁ እኮ።"

"እሱስ ይሁን።"

ሳምንት አልቆየም፣ መኪና እሾሃማ ሽቦ ጭኖ መጣ። ጉብታው ዙሪያውን ታጠረ፤ በር ተበጀለት፤ በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ቆመ። ሰዉ እንደገና ግራሩ ሥር ተጠራና አስተርጓሚው ተናገረ።

"ሥጋታችሁ ተሰምቷል። የአባቶቻችሁ ዐጽም ይከበራል። ከብት አይሰማራበትም፤ ሰውም እንዲሁ አይረግጠውም። ዶማ ይዞ የተገኘ ይገረፋል። ሊቀበር የመጣ ሬሳ ብቻ ይገባል፤ ያን ጊዜም ጠባቂው በሩ ላይ ሆኖ ለቀስተኛውን አይረብሽም።"

ቤቶቹስ? ቤቶቹ ከጉብታው ግርጌ ተሠሩ፣ በራቸው ሁሉ ወደ ሽቦው የሚመለከት። አስካሪው ከነሚስቱ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የደምለውን ማሽላ ቀንም ሌሊትም ይጠብቅለት ጀመር። ያን ቀን ግን ሰዉ ማጨብጨብ ነበረበትና አጨበጨበ።

ክረምት ገባ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ሰው እህሉን ከእግሩ ሥር ቀብሮ የዱር ቅጠል ይቀቅል ጀመር። ዘሊካ ለደምለው ሰላምታ ነፈገችው። መንገድ ላይ ሲያልፍ "አንደበተኛው መጣ" የሚሉት ጮክ ብለው ነበር፣ እንዲሰማ።

የከሰል ነጋዴው ኢሳ ግንድ እንደ ሬሳ ገንዞ፣ አስለቃሽ አስቀድሞ እስከ በሩ ሄዶ ነበር። ጠባቂው ግን ለካስ መግነዙን ገልጦ ፊት ሳያይ አያስገባም። ኢሳ ገበያ መካከል ተገረፈ፤ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እውነተኛ ሬሳ ይጠብቅ ጀመር። ሰው ሲታመም ጠያቂው በዛ። አፍ "እግዜር ይማርህ" ይላል፤ ዓይን ሌላ ነገር ይለካል። አንድ ሽማግሌ ሞቱ፣ ልጆቻቸውም ክርስቲያን በሚቀበርበት ጊዮርጊስ ወስደው ቀበሯቸው። በጎ ሥራ ነው። ከቀብር መልስ ግን እነዚያን ልጆች ያነጋገራቸው ሰው አልነበረም።

አገኘሽ ድርሻዋን ለልጅ ልጇ ለጸዳለ እየሰጠች "ጠግቤያለሁ" ማለት ካበዛች ቆይታለች። ደምለው ያውቅ ነበር፤ አላየሁም ብሎ ዝም ማለቱ ቀለለው። መጨረሻ ላይ ቄስ ገብረማርያም መጥተው አናዘዟት። በማግስቱ ሲነጋ ሞተች።

ለቅሶው ቤት ዘሊካ መጣች። ከልቧ አለቀሰች፤ እሷ ልጅ ስትወልድ ያረሰቻት አገኘሽ ነበረች። ከዚያ ተነስታ ደጅ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ደምለው አጠገብ ተቀመጠች።

"ያ ደምለው፣ የምልህን አፌ አይችለውም።"

"እንግዲያ አትበይው።"

"ልጆችህ ዛሬ ምን ቀመሱ?"

ደምለው ወደ ቤቱ በር ዞሮ አየ።

"የኔም ምንም" አለች። "የኛ ሰው ቢሞት ወላሂ እዚያ ጉብታ ላይ አስቀብረው ነበር። አላህ አላለውም። እኛ ሴቶቹ ቆፋሪውን ከበን እናለቅሳለን። ዱራው፣ ያ ማሽላችን፣ ሲወጣ በቀሚሳችን ውስጥ፣ ኸመቀነት በላይ እንይዘዋለን። ቃሬዛውም በጨርቅ ተሸፍኖ ይመለሳል። ሲመለስ ማን ይፈትሻል?"

"እናቴን በማሽላ ጉድጓድ?"

"መሬቱ ሁሉ የአላህ ነው።"

"ላንቺ ነዋ! እሷ ኸአባቴ ጎን ቅበሩኝ ነው ያለችው። ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችው ይሄንኑ ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔንም ልጄ ይሉኝ ነበር እኮ" አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ግን ተነስታ አልሄደችም።

ሚስቱ አሰበች ከቤት ወጥታ መቃኑን ተደግፋ ቆመች። የሚነጋገሩትን ሰምታለች።

"ጸዳለ ቀና ማለት አልቻለችም" አለች። "ውሃ ብሰጣት መለሰችው።"

"ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?"

"እኔ ምንም አላልኩም" አለች አሰበች። "እናትህ ናት።"

በዚያች ሰዓት ደምለው ሁሉንም ጠላ። ዘሊካን ስለ ተናገረች፣ አሰበችን ስላልተናገረች፣ ያን ባርኔጣውን ያወለቀ ጣሊያን ስለ ደግነቱ። ከሁሉ አብልጦ የጠላው የራሱን አፍ ነው።

ሬሳው ተገንዞ በቃሬዛ ወጣ። ከወትሮው ይልቅ ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ለወትሮው ለክርስቲያን ቀብር እስከ መንገድ ብቻ የሚሸኙት እስላሞችም አልቀሩም። ሴቶቹ ሰፋፊ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ሁሉም የመጣበትን ያውቃል። ቄስ ገብረማርያም መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ሄዱ። እሳቸውም ከሳስተዋል፤ የእሳቸውም ጉድጓድ ያለው ጉብታው ላይ ነው።

መንገዱ ሁለት ከሚሆንበት ሲደርሱ፣ ቀኙ ወደ ጊዮርጊስ፣ ግራው ወደ ሽቦው፣ ቄሱ ቆሙ። ተሸካሚዎቹም ቆሙ። ለቅሶው ጋብ አለ።

"ደምለው" አሉ ቄሱ ወደ ኋላ ዞረው፣ "ሟቿ ስለ መቀበሪያዋ የተናገረችው አለ?"

ደምለው ወደ ቃሬዛው አላየም። አሰበች ጸዳለን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ የልጅቷ አንገት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል።

"አዎ፣ አባቴ" አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "'ኸጉብታው ቅበሩኝ' ብላለች።"

ቄስ ገብረማርያም ትኩር ብለው አዩት። አገኘሽ "ኸባሌ ጎን እንዳይለዩኝ አደራ" ያለችው ትናንት ለሳቸው ነው፣ እጃቸውን ይዛ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ይጸልዩ ይሁን ሊናገሩ ይሁን አልታወቀም።

"የሟች ቃል አይፈርስም" አሉና መንገዱን ወደ ግራ ያዙ።