የእማማ ፋጡሜ የእግር ጣቶች

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ለሁላችሁም ቦታ አለ። አንተ ረጅሙ፣ በሩን አትዝጋው፣ ትንሽ ንፋስ ይግባልን። ዛሬ የማወራችሁ የንዴት ወሬ ነው። መሐል ላይ ተቆጥታችሁ እንዳትነሡብኝ፣ እኔም ሳወራው ደሜ ይፈላል፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ከሚሴ ውስጥ ዓፊያ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት አለች። ሥራዋን ለማታውቁ፣ የደረቀ ጉልበት፣ የተያዘ ወገብ፣ አልታዘዝ ያለ ክንድ በእጇ እያሸች፣ እያንቀሳቀሰች ወደ ቦታው የምትመልስ ባለሙያ ማለት ናት። አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ጎበዝ ናት፣ ሰውም ይወዳታል። ግን አንድ ነገር ሆዷን ይበላት ነበር። ስለ ትከሻ ሕክምና ከፍ ያለ ሥልጠና ሦስት ጊዜ ከአዲስ አበባ ተጠርቶ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስሟ ከዝርዝሩ ላይ ተሰርዟል። ሦስቱንም ጊዜ የሄደው የክፍሉ ኃላፊ ኸይረዲን ነው። ኸይረዲን ደግሞ ታማሚ ከነካ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ የሰው ትከሻ የሚነካው ለሰላምታ ብቻ ነው።

በአራተኛው ሥልጠናው ራሱ ወደ ከሚሴ መጣ። አዳራሹ ከቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በምን ይከልክሏት? ኸይረዲን ግን ጥርሱን እያሳየ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ያልገባሽ ትከሻ በአምስት ቀን ሊገባሽ ነው?» አላት።

«አንተ ሦስት ጊዜ ሄደህ ምን ገባህ?» አለችው።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አሁን ስለ እማማ ፋጡሜ ልንገራችሁ። ከታች ከጨፋ ሸለቆ ናቸው፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ። ወንዱ ልጃቸው ሹፌር ሆኖ ወጥቷል፣ ምራታቸው ሳቢራ አራስ ናት። ማሽላቸውን ከወፍ የሚጠብቁት ራሳቸው ናቸው፤ ማማው ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ እያሽከረከሩ። ወንጭፋቸው ሲጮህ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ይሰማል ይባልላቸው ነበር። በሰኔ ግን ቀኝ ትከሻቸው ተያዘ። ክንዳቸው ከደረት በላይ እምቢ አለ። ሻሻቸውን ሳቢራ ታስርላቸዋለች። ሶላት ሲቆሙ ግራ እጃቸው እስከ ጆሮ ይወጣል፣ ቀኙ ደረት ላይ ይቀራል። ይሄ ከሁሉም ያሳፍራቸው ነበር። ወደ ዓፊያ ሲመጡም አንድ ነገር ብቻ ለመኗት፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሽላው ሳይጠና ክንዴን መልሺልኝ።»

ዓፊያም ቃል ገባች። ሳምንት በሳምንት፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ያንን ክንድ ይዛ ታገለች። ጥቅምት ገባ። ማሽላው ወተት ያዘ። ወፉም መጣ። ክንዱ ግን ያው ነው።

የሥልጠናው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓፊያ አረፈደች፤ ክፍሏ ታማሚ ነበራት። አዳራሽ ስትደርስ ሃያው ሰልጣኝ ከማሳያው አልጋ በራስጌ በኩል ተደርድሮ ቀድሞ ይዞታል። የቀረችው አንዲት ወንበር በግርጌ በኩል ነበረች። እየተነጫነጨች ተቀመጠች። ቀና ብትል አልጋው ላይ የተኙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እማማ ፋጡሜ።

ወደ ኸይረዲን ዞረች። «የኔን ታማሚ ሳትነግረኝ ነው ያመጣሃቸው?»

«ለማሳያ ነዋ። የጨፋ ሴት ጠንካራ ናት፣ አትጮህም» አላት በሹክሹክታ፣ ስልኩን ለመቅረጽ እያስተካከለ።

አሠልጣኙ ኢርፋን ይባላል። መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ፣ እጁ የተባረከ የሚባል ዓይነት ልጅ። ጠዋት ያስተማረው ነገር ደግሞ ዓፊያን ልቧን ነክቶት ነበር። «የደረቀ ትከሻ በጉልበት አይከፈትም፤ ከገፋችሁት ይብሳል። ታማሚው ይብቃ እስኪል ትሄዳላችሁ፣ ይብቃ ሲል ትቆማላችሁ» ብሏቸዋል።

«እማማ፣ ካመመዎት ይንገሩኝ፣ እሺ?» አለ ኢርፋን።

«እሺ የኔ ጌታ።»

ክንዳቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ከፍ አደረገው። «ያማል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ጨመረ። «አሁንስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

«አያችሁ?» አለ ወደ ሰልጣኙ ዞሮ። «አይሄድም የተባለው ትከሻ ይሄዳል!» ደግሞ ጨመረ።

ፊታቸው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፊት ነው። ፈገግ ብለዋል። በራስጌ የተቀመጠው ሁሉ ያየው ያንን ፈገግታ ነው። ዓፊያ ግን ከወንበሯ እግራቸውን አየች። ሂና የነካቸው የእግር ጣቶቻቸው እንደ ቡጢ ተጨብጠዋል። ውስጥ እግራቸው ተጨማዷል፣ ጅማታቸው ተገትሯል፤ አንዱ እግር ሌላውን ይፍቀዋል፣ ይፍቀዋል።

ዓፊያ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ወንበሩ ሲወድቅ ነው ሰው የዞረው።

«እጅህን አንሣ!»

ኢርፋን ደነገጠ። «ይቅርታ?»

«እጅህን አንሣ አልኩህ! እያመማቸው ነው! ጠዋት አይገፋም ብለህ አስተምረህ አሁን ምን እያደረግክ ነው? ሰው ናቸው እኮ፣ የትምህርት መሣሪያ አይደሉም!»

«እየጠየቅኳቸው ነው እኮ፣ እህቴ...»

«ምን መለሱልህ?»

«አመሰገኑ።»

«ታዲያ ምስጋና አሞኛል ይላል ወይስ አላመመኝም?»

ኸይረዲን ስልኩን ዝቅ አደረገ። «ዓፊያ! እንግዳ ፊት አታሳፍሪን! ተቀመጪ!»

«አንተ ዝም በል! ስታመጣቸው ምን ብለሃቸዋል?»

«ምን እላለሁ? እንግዶች ናቸው፣ አይጩሁብን አልኩ። ምን ክፋት አለው?»

ልትበላው ደረሰች። ያን ጊዜ እማማ ፋጡሜ በግራ ክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ዓፊያ ልጄ፣ ምነው እንዲህ ትቆጫለሽ? ይሄ ልጅ ምን አጠፋ? አንቺ ስታደርጊኝ የከረምሽውን ነው ያደረገኝ። እንዲያውም የሱ እጅ ይቀላል።»

ልጆቼ፣ ከኋላ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን ዋጠው።

ዓፊያ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «ያምዎት ነበር?»

«ባያመኝ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

«ሁልጊዜ እየጠየቅኩዎት? ሁልጊዜ?»

«ጠየቅሽኝ፣ እኔም አላህን አመሰገንኩ። እኔን ለማዳን ላብሽ ጠብ እያለ፣ እጅሽ ላይ ተኝቼ ተይኝ ልበልሽ? ነውር አይደለም? ይሄ ሰውዬ አትጩሂ ባይለኝም አልጮህም ነበር። ካንቺ ዘንድ የሄድኩ ቀን ክንዴን ታቅፌ ነው የምውለው፣ ሳቢራ በሙቅ ውሃ ትይዝልኛለች። ደግሞ እግሬን በአንሶላ ትሸፍኚልኛለሽ፣ እድሜ ይስጥሽ፣ እዚያ ውስጥ እንደልቤ እቆነጣጠራለሁ።»

ያቺ አንሶላ! ዓፊያ በአክብሮት ነበር የምታለብሳቸው። አልጋዋም ግርጌው ከግድግዳ የተጠጋ ነው፣ እሷ የምትቆመው በራስጌ። አሥራ አንድ ዓመት ትከሻ ስታክም የሰው እግር አይታ አታውቅም። በሰው ላይ የጮኸችው ጩኸት ዞሮ ወደ ራሷ መጣ።

ኢርፋን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ልጁ ሊኮራ ይችል ነበር፣ አልኮራም። «ዓፊያ፣ ከየት ሆነሽ ነው ያየሽው?» አላት።

«ከዚህ። አርፍጄ ሌላ ወንበር ስላጣሁ።»

«ሁላችሁም ተነሡ» አለ። «ወደ ግርጌ ዙሩ።» ከዚያ እማማ ፋጡሜን አስፈቅዶ ክንዳቸውን ከታች ጀመረ። ዓፊያ ጣቶቹን ብቻ እያየች ነው። ትንሿ ጣት ልትታጠፍ ስትል፣ «ይብቃ!» አለች።

«እዚህ? ክንዱ እኮ ገና ከአልጋው አልተነሣም።»

«እዚህ ነው።»

«እንግዲያው ከዚህ ነው መጀመር የነበረብን» አለ ልጁ፣ ቀስ ብሎ።

ዓፊያ ከአዳራሹ ወጥታ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። የእማማ ፋጡሜን ካርድ አወጣች። በገዛ ጽሕፈቷ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ሕመም፦ የለም»። ገለጠች። «ሕመም፦ የለም»። አሥራ ሰባት ጊዜ! ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ከዚያ አልጋውን በሁለት እጇ ይዛ ከግድግዳው ላይ ጎተተችው፤ እግሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ጮኸ። አንሶላውን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወተፈችው።

ኸይረዲን በሩ ላይ ብቅ አለ። «ደምሽ ፈላ አይደል? በይ ተረጋጊ። ሰርተፊኬትሽ አይቀርም፣ አናግሬልሻለሁ።»

«ቪዲዮውን አጥፋው።»

«ምን አደረገሽ?»

«እዚሁ ፊቴ አጥፋው!»

አጠፋ። ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«ኸይረዲን፣ ሦስት ጊዜ ስትሰርዝ የኔን ስም የሰረዝክ መስሎሃል?»

«ታዲያ የማንን ነው?»

«የእሳቸውን ክንድ ነው። ትከሻ እንደማይገፋ ሦስት ጊዜ ተነግሮህ መጥተሃል፤ አንዴ፣ አንዴ እንኳን እዚህ በር ላይ ቆመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ የገፋሁትን እጠየቅበታለሁ። አንተ ዝም ያልከውን ተጠየቅ!»

ቁልፉ መዞሩን አቆመ። ሰውየው ወጣ። ንዴቷ ግን አብሮት አልወጣም። እዚያው ቀረ።

በሳምንቱ እማማ ፋጡሜ መጡ። ዓፊያ ገና ከበሩ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ፣ ድሮም አልያዝኩብሽም። ማሽላዬን ግን ምን ላድርገው? በግራ እጄ ልወንጭፍ ብዬ የጎረቤቴን ቆርቆሮ መታሁት። አህያው ደንብሮ እስካሁን አልተመለሰም!» ብለው ሳቁ።

ዓፊያ ልትስቅ ሞክራ አለቀሰች።

ልዋሻችሁ አልችልም። ክንዱ ለማሽላው አልደረሰም። ከእሸቱ ግማሽ ያህሉን ወፍ በላው፣ ባዶ አገዳው ቆሞ ቀረ። ዓፊያ በእረፍት ቀኗ ወርዳ ማማው ላይ ወጥታ ስትጮህ የዋለችበት ጊዜ አለ፤ የከተማ ጩኸት ስለሆነ ወፉ አልሰማትም። ባዶውን አገዳ ባየች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች፣ አንዳንዴ በኸይረዲን፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሷ። ሕክምናውን ግን ከታች ጀምራ፣ ጣት እያየች፣ ትንሿ ጣት ስትንቀሳቀስ እየቆመች ቀጠለች። ካርዱ ላይም የምትጽፈው ተለወጠ፦ «ጣት ታጠፈ። ቆምኩ።» «ጣት ታጠፈ። ቆምኩ።»

በጥር አንድ ጠዋት እማማ ፋጡሜ አልጋው ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ሻሻቸውን ያን ቀን ራሳቸው ነበር ያሰሩት፣ ትንሽ ዘመም ብሏል።

«እስኪ እዪልኝ» አሉ። ሶላት እንደሚገቡ ሁለት እጃቸውን አነሡ። ግራው ጆሮ ደረሰ። ቀኙ ተከተለው፣ ደረትን አለፈ፣ ትከሻን አለፈ፣ ከጆሮ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ።

ዓፊያ አቀርቅራለች።

«አንቺ ልጅ! ወዴት ነው የምታዪ? ክንዴን እዪልኝ እንጂ!»

ጣቶቹ ተዘርግተው ተንጠልጥለዋል። ሂናው ደብዝዟል። አንዷም አልታጠፈችም።

«አየሁት እናቴ» አለች ዓፊያ፣ ቀና ሳትል። «አየሁት።»

በቃ፣ ወሬው ይሄው ነው ልጆቼ። አሁን መሄድ ትችላላችሁ። ብቻ አንድ ቀን በእናንተም እጅ ላይ የሚያመው ሰው ይወድቃል፤ እናት ትሁን፣ ልጅ ይሁን፣ የማታውቁት መንገደኛም ይሁን። አላህን ሲያመሰግንላችሁ አብራችሁ አመስግኑ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን እዩለት። የእማማ ፋጡሜን ጣቶች ያን ጊዜ አስታውሱልኝ፣ አደራ።