የተላቀቀው ቱቦ

ሥርጉት ጉርድ ሾላ ባለ አንድ ቢሮ ወለል እየወለወለች የምታሳድጋት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ የሰባት ዓመቷ የማርያምወርቅ። በ2004 ዓ.ም. ሐኪሞች ከልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ አወጡ። አንጎሏ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም በቀጭን ቱቦ ወደ ከረጢት እንዲወርድ አደረጉ።

«ቱቦውን ማንም እንዳይነካው» አለ ዶክተር ሰሎሞን። «በዚያ ጀርም ከገባ ቀጥታ አንጎሏ ውስጥ ነው። የነካ አስታማሚ ካገኘሁ ከዚህ ይወጣል።»

እሱ ሲሄድ ነርሷ አፀደ ከሥርጉት አጠገብ ተቀመጠች። «ከተላቀቀ ጥሪኝ፤ አልቆጣሽም» አለቻት።

በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጅቷ ስትገላበጥ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወለቀ። እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። አፀደ ማዶ አልጋ ጋ ነበረች፤ ዶክተሩ ግን በሩ ላይ ቆሟል። ሥርጉት ፈራች። ቢያስወጡኝ፣ ልጄ ዓይኗን ስትገልጥ ታጣኛለች አለች በሆዷ። የቱቦውን ጫፍ በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ መልሳ ሰካችው። ማንም አላያትም።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ተነሣ። የልጅቷ አንገት ደረቀ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሩዝ ውሃ መሰለ።

ዶክተሩ ወደ ሥርጉት እንኳ አልዞረም። «ከረጢቱን የምትቀይሪው አንቺ ነሽ» አላት አፀደን። «ጓንት አድርገሽ ነበር?»

«አድርጌ ነበር።»

«ታዲያ ጀርሙ ከሰማይ ወረደ?»

አፀደ ዞር አለች። «ሥርጌ፣ ቱቦው ወልቆ ነበር እንዴ?»

«እኔ አላየሁም» አለች ሥርጉት።

መድኃኒቱ አላዳናትም። የማርያምወርቅ ብርሃን ባየች ቁጥር ትጮህ ጀመር፤ በመጨረሻ እናቷንም ረሳቻት። «እትዬ፣ እማዬን ጥሪልኝ» እያለች ትኩሳቱ በተነሣ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀበሯት።

በሠልስቱ አፀደ ዳገቱን ወጥታ ወደ ለቅሶ ቤቱ መጣች። ከሥራ አግደዋታል። ድንኳኑ ውስጥ ከሥርጉት እግር ሥር ተንበረከከች።

«እጄን ታጥቤ ነበር። ግን እንጃ፤ አንዱን ቀን ዘንግቼ ይሆናል። ይቅር በይኝ።»

የሥርጉት ወንድም ወልደ ሐዋርያት ብድግ አለ። «ልጃችንን የገደለችው ይቺ ናት?»

ሥርጉት አንገቷን ደፋች።

ወንድሟ አፀደን ክንዷን ይዞ ከድንኳኑ አወጣት፤ አንዲት ለቀስተኛ ከኋላዋ ተፋች። ሥርጉት ነርሷ በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ስትወርድ እስክትሰወር ድረስ አየቻት። ከዚያ ከጎኗ ያለችው ሴት «አይዞሽ፣ ጥፋተኛዋንስ አወቅሽ» አለቻት።

«አዎ» አለች ሥርጉት።