የስም መመሳሰል

ነፃነት መድኃኒት አድራሹ ድርጅት ቢሮ በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ተጋፍታ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ወጣቱ ሠራተኛ ለሌሎቹ ያለውን ለእሷም ደገመላት፤ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ጉዳዩ እየተጣራ ነው፣ ለጊዜው የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ።

ድርጅቱ በስልክ የታዘዘን መድኃኒት እስከ ደንበኛው ቤት የሚያደርስ ነበር። ሲስተሙን ሰብረው የገቡ ሰዎች የደንበኞቹን ስም፣ አድራሻና የሚወስዱትን መድኃኒት ቴሌግራም ላይ ለጥፈውታል። ከጎኗ የቆሙ አዛውንት ማንን ልክሰስ እያሉ ይጠይቃሉ፤ አንዲት ሴት ሥራ አስኪያጁን ሳላይ አልወጣም ብላ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

ነፃነት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"የይለፍ ቃሌን እቀይራለሁ" አለችው። "በሽታዬንስ በምን ልቀይረው?"



ታክሲ ሳትይዝ በእግሯ ሽቅብ ወደ ቤቷ ተጓዘች። ከእንጦጦ የወረደ ጉም የየካን ዳገት ሸፍኖት ባሕር ዛፎቹ ሥር የሌላቸው ይመስላሉ፤ የሰው ድምፅ በጥጥ እንደተጠቀለለ ታፍኖ ይሰማል። ነፃነት ቆም አለች። ድሮ ሕመሙ ሊነሣባት ሲል ዓለም እንዲህ ይርቃት፣ እንዲህ ይለሰልስባት ነበር። ጉሙ ይሁን ሕመሙ እስክትለይ አንድ ግንድ ተደግፋ ጠበቀች። ቅርፊቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ጉሙ ነው።

የሚጥል በሽታ እንዳለባት ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም። መዋዕለ ሕፃናት ስትቀጠርም ደብቃለች፤ ከእጮኛዋ ከታዴዎስ ጋር ቀለበት ካሰረች በኋላም ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ቆየች። ትናንት ርእሰ መምህርቷ ወላጆች እየደወሉ ስለሆነ ጥቂት ብታርፍ እንደሚሻል ነገሯት። ታዴዎስ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሣም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስልኳ ጠራ። ካራ የሚኖሩት የታዴዎስ እናት ወይዘሮ ብዙነሽ ነበሩ።

የት እንዳለች ጠየቋት። ስሟን ሰዎች እንዳሳዩዋቸው፣ ታዴዎስም ከሰማ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ የስም መመሳሰል ነው አልኩት። ነፃነት የሚባል ስንት ሰው አለ? አንቺም አዎ፣ ነው በዪኝና ነገሩ እዚሁ ይብቃ።"

ነፃነት ዙሪያዋን አየች። መንገዱም፣ አጥሩም፣ ሰዉም ጠፍቷል። አዎ ብትል ቃሉ ጉሙ ውስጥ ቀልጦ የሚቀር፣ ነገ ፀሐይ ስትወጣም ማንም የማያገኘው መሰላት።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ቀጠለች።

"ለታዴዎስ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ። ለእርስዎ ግን አሁን ልንገርዎ። አንድ ቀን ቤትዎ ብወድቅ ክብሪት አያሽትቱኝ። በጎኔ አስተኝተውኝ፣ እስክነቃ አጠገቤ ይሁኑ።"

ስልኩ የተዘጋ መስሏት ከጆሮዋ ልታነሣው ስትል ድምፃቸውን ሰማች።

"በየትኛው ጎንሽ?"

"በግራዬ" አለችና የካራ ታክሲ ወደሚያዝበት ቁልቁል ዞረች።