ዓባይን የቆፈረው ማን ነው?

ዕጣ ርኅራኄ የለውም። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት «ዓለምን የሠራት ፈጣሪ ነው ወይስ ተፈጥሮ?» የሚል ክርክር ሲሰናዳ፣ ከአምበር ለመጣችው ለሥራነሽ «ተፈጥሮ» የሚለው ወገን ደረሳት። ጾም ገድፋ ለማታውቅ ልጅ! ለፈጣሪ የሚከራከረው ደግሞ የባለ ሱቁ ልጅ ሐምዱ ሆነ።

አባቷ ግራዝማች ወልደ ሩፋኤል በሙግት አገር ያስጨነቁ ሰው ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው በቅሏቸውን አስጭነው ከተፍ አሉ።

«ፈጣሪን ስትክጂ ከሰማሁ፣ ከዚያው ካዳራሹ ይዤሽ ነው የምሄድ» አሏት። አምበር ላይ ባል ታጭቶላት ቀን ይጠበቃል።

አዳራሹ ጢም አለ። ሐምዱ ተነሣና፣ «ቀጥ ብሎ የታረሰ ማሳ አይቶ፣ ገበሬ የለውም የሚል ማን ነው?» ሲል ካህናቱ ሳይቀሩ ለሙስሊሙ ልጅ አጨበጨቡለት።

ተራው የሥራነሽ ሆነ። አባቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ትንሽ ተንተባትባ ብትቀመጥ ማን ይፈርድባታል? ግን የሙግተኛ ልጅ ናት፤ እያወቁ መረታትን ከቤቷ አላየችም።

«የዓባይን ገደል ማን ቆፈረው?» አለች። «ዶማ የያዘ አይታችኋል? ውሃ ነው! ጊዜ ያገኘ ውሃ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ድምፅዋ ግን እየጠራ ሄደ።

«ወንድሜ ውበቱ በኩፍኝ ሞተ። ተፈጥሮ ነው ካላችሁ ማንም አልበደለውም፤ አልቅሰን ዝም እንላለን። ፈጣሪ ነው ካላችሁ ግን፣ ምን አጥፍቶ እንደሆነ የሚነግረኝ ይነሣ!»

ከፊት ወንበር አንድ ሰው ተነሣ።

«በንጉሥ አምላክ!»

ግራዝማች ናቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሥራነሽ በልቧ አለቀልኝ አለች።

«መምህር፣ ቀጠሮ ይሰጠኝ» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ግራዝማች ከዳኛ ፊት ቆመው ቀጠሮ ሲለምኑ ያየም የሰማም የለም።

«እ... እስከ መቼ?» አለ መምህሩ ግራ ተጋብቶ።

«ትምህርቷን እስክትጨርስ። ሠርጉም እስከዚያው ይቆይ። የፈጣሪ ጠበቃ እኔ ነኝ፤ መልሱንም ፈልጌ አላጣው። ባላጋራውን ከችሎት ጎትቶ አስወጥቶ ረታሁ የሚል ግን ምን ወንድ ነው?»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ሐምዱ ነበር። ከዚያ አዳራሹ በእልልታና በፉጨት ተናጋ። ግራዝማች ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የጨረስሽ ዕለት ግን ወዮልሽ! እረታሻለሁ።»

«ከቻሉ ነዋ፣ አባባ!» አለች ሥራነሽ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።